ይቺ «እሺ» የምትባል ቃል
ለአብራሪዎችና ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አሠልጣኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ስሜን ከታች አታገኙትም። ብዙ ዓመት ማማ ላይ ተቀምጬ አውሮፕላን ሳስነሳና ሳሳርፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው መሆኔን ብታውቁ ይበቃል።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ የልጄ ጓደኛ ነው። የተቆጣጣሪነት ሥልጠና ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። እቤት መጥቶ ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ የሬዲዮ ንግግር እኮ ቀላል ነው፤ ቃላቱን መሸምደድ ብቻ ነው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። አልተስማማሁም ነበር። ልጁ ግን የተስማማሁ መስሎት ደስ ብሎት ሄደ። ማታ ጋደም ስል ያቺ «እሺ»ዬ ታንገበግበኝ ጀመር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሻት የኖርኩት ነገር ሳሎኔ ውስጥ ከአፌ ወጥታ ቁጭ አለች።

እኛ ስናወራ ግሳችንና ሰዓታችን ብዙ አይጨቃጨቁም። ከመሃላችን አንዱ ብድግ ብሎ ሲወጣ «መጣሁ» ይላል፤ እየሄደ ነው። የቀጠርነው ሰው ጋ ስንደውል «ደረስኩ» ይላል፤ ካልሲውን እያጠለቀ ነው። አስተናጋጁ ፊቱን ወደ ጓዳ አዙሮ «መጥቻለሁ» ይለናል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተታለለም። ሰሚው የሰውየውን ድምፅ፣ አመሉንና ሁኔታውን ደማምሮ እውነተኛውን ሰዓት ራሱ ያወጣዋል። «እሺ» ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። ሰማሁ ናት፣ ተስማማሁ ናት፣ አደርገዋለሁ ናት፣ ቀጥል እያዳመጥኩህ ነው ናት። «እሺ፣ እናያለን» ስትሆን ደግሞ በጨዋ ደንብ የተነገረች እምቢታ ናት። ፊት ለፊት ስንነጋገር ዓይን ያግዘናል። ሬዲዮ ላይ ዓይን የለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአቪዬሽን ታሪክ እጅግ ብዙ ሰው የሞተበት የሁለት አውሮፕላኖች ግጭት ውስጥ «ኦኬ» የምትባለው የ«እሺ» ታላቅ እህት አለችበት። ሁላችሁም ታስተምሩታላችሁ፤ ስትቸኩሉ ግን «ቴነሪፍ፣ ጭጋግ፣ የካፒቴኑ ጥድፊያ» ብላችሁ በአንድ ስላይድ ታልፉታላችሁ። እኔም ስማር እንዲሁ ነበር የታለፈኝ። እስቲ ዛሬ እንቀመጥበት።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 27 ቀን 1977፣ እሑድ ነበር። የስፔን ግዛት በሆኑት የካናሪ ደሴቶች፣ ግራን ካናሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አንድ የአበባ ሱቅ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ሁለተኛም ሊኖር ይችላል ተብሎ ማረፊያው ተዘጋና ወደዚያ ይበሩ የነበሩ አውሮፕላኖች ቴነሪፍ ደሴት ላይ ወዳለው ሎስ ሮዴዎስ ተላኩ። ከእነሱ ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747ዎች ነበሩ፤ አንዱ ከአምስተርዳም የመጣ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም፣ ሌላው ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ በኒውዮርክ በኩል የመጣ የፓን አሜሪካን። ሎስ ሮዴዎስ 3,400 ሜትር የምትሆን አንዲት ማኮብኮቢያ ብቻ ያለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 633 ሜትር ላይ የተቀመጠ ማረፊያ ነው። ደመናው ከሰማይ አይወርድም፤ አግድም እየተነዳ ይመጣና ማኮብኮቢያው ላይ ይተኛል። መሬት ላይ ያለውን የሚያሳይ ራዳር አልነበረም። የጎን መንገዱ በቆሙ አውሮፕላኖች ተጣቧል። ስለዚህ ሁለቱ ግዙፎች በዚያችው ማኮብኮቢያ ላይ ተከታትለው ማዝገም ነበረባቸው፤ ኬኤልኤም እስከ ጫፉ ሄዶ ዞሮ ይጠብቃል፣ ፓን አሜሪካን ከኋላው ይከተልና ሦስተኛው መውጫ ላይ ይታጠፋል። የማማው ሰዎች ሁለቱንም አያዩም፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው።

ኬኤልኤም ዞሮ እንደቆመ ካፒቴኑ ሊንደረደር ጀመረ። ረዳት አብራሪው «ቆይ፣ ፈቃድ አልተሰጠንም» አለው። ካፒቴኑም «አውቃለሁ፣ ጠይቅ» አለ። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ረዳቱ ሬዲዮውን ጫነና ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ለመነሳት ዝግጁ ነን፣ የመንገድ ፈቃዳችንንም እንጠብቃለን። ተቆጣጣሪው የመለሰው ለአንዱ ብቻ ነው። የመንገዱን ፈቃድ ሰጠ፤ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ምን ያህል ከፍታ እንደሚወጡ፣ «ከቴክኦፍ (ከመነሳት) በኋላ» ወደ ቀኝ እንደሚዞሩ። ለመንደርደር ፈቃድ አልሰጠም። ግን «ቴክኦፍ» የምትለዋን ቃል ከአፉ አውጥቷል፤ ለሰዓታት ያቺን ቃል ሲጠብቅ የቆየ ጆሮ ሲሰማት ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ አልልም።

ረዳቱ የመንገዱን ፈቃድ ለተቆጣጣሪው መልሶ እያነበበ ሳለ ካፒቴኑ «እየሄድን ነው» ብሎ ለሞተሮቹ ጉልበት ሰጠ። ረዳቱ ንባቡን ሲጨርስ በችኮላ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ፤ «ዊ አር ናው አት ቴክኦፍ»። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም አለ። ከዚያ «ስታንድባይ ፎር ቴክኦፍ፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ብሎ ቀጠለ፤ ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ።

«አት ቴክኦፍ» የሚለው እንግሊዝኛ እንግዳ ነው። እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገር አብራሪ እንዲህ አይልም። አንዳንድ የቋንቋ ሰዎች እንደሚሉት ረዳቱ በደች፣ በሆላንድ ቋንቋ፣ አስቦ ይሆናል በእንግሊዝኛ የተናገረው፤ በደች አንድን ነገር እየሠሩ መሆንን ሲገልጹ በድርጊቱ ላይ ነን ዓይነት አገነባብ አላቸው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። እኛስ? «በመነሳት ላይ ነን» እንል የለም ወይ? አሁን «ዊ አር ናው አት ቴክኦፍ»ን አንድ ጊዜ «በመነሳት ላይ ነን»፣ አንድ ጊዜ «መነሻው ላይ ነን» ብላችሁ መልሱት። ተናጋሪው የፊተኛውን ነው ያለው። ሰሚው የኋለኛውን ነው የሰማው፤ መነሻው ላይ ቆመን እንጠብቃለን እያሉት ነው የመሰለው። «ኦኬ» ያለው ለዚህ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ይህን ከማንም ፈረንጅ ይበልጥ ቶሎ ይገባዋል። ግን በእንግሊዝኛ ስላይድ ብቻ ካስተማራችሁት አይገባውም፤ ይሸመድደዋል።

በዚያው ቅጽበት የፓን አሜሪካን ሰዎች ኬኤልኤም ያለውን ሰምተው ደንግጠው «እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ እያዘገምን ነው» ሲሉ ሬዲዮውን ተጫኑ። የአውሮፕላን ሬዲዮ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው የሚያዳምጥበት ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተጫነ አድማጩ ጋ የሚደርሰው ፉጨት ነው። «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» የሚለውና «እኛ ገና እዚህ ነን» የሚለው፣ ከሁለቱ አንዱ በጥራት ቢሰማ ነገሩን የሚያቆሙት ሁለቱ መልእክቶች፣ ኬኤልኤም ውስጥ ወደ አራት ሰከንድ የሚጠጋ የፉጨት ድምፅ ሆኑ። ጥርት ብላ የገባችው «ኦኬ» ብቻ ነበረች።

ከዚያ በኋላም አንድ ዕድል ነበር። ማማው ፓን አሜሪካንን «ማኮብኮቢያውን ስትለቁ አሳውቁኝ» አለው፤ እሱም «ስንለቅ እናሳውቃለን» አለ። ይሄኛው ኬኤልኤም ውስጥ ተሰምቷል። የሰማው የበረራ መሐንዲሱ ነው። በራሳቸው ቋንቋ «አልወጣም እንዴ ያ ፓን አሜሪካን?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት «ወጥቷል!» አለ። መሐንዲሱ ዝም አለ። ሩብ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ላይ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። ኬኤልኤም ውስጥ ከነበሩት 248 አንድም አልተረፈም፤ ከፓን አሜሪካን 61 ሰዎች ወጡ።

ካፒቴኑ ያኮብ ቬልድሃውዘን ቫን ዛንተን ይባላል። ጀማሪ አልነበረም፤ የድርጅቱ የ747 ዋና አሠልጣኝ ነበር፣ ፎቶው በድርጅቱ ማስታወቂያ ላይ ይወጣ ነበር። ረዳቱን በዚያ አውሮፕላን ላይ ፈትኖ ያሳለፈው ከሁለት ወር ገደማ በፊት እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ረዳቱ አንድ ጊዜ «ቆይ፣ ፈቃድ የለንም» ብሎ ፈታኙን አርሟል። ሁለተኛ ጊዜ ለማረም ምን ያህል ጀርባ ያስፈልጋል? እናንተው ፍረዱ። መርማሪዎቹ ያነሱት አንድ ሌላ ነገር ግን በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። ካፒቴኑ ብዙ ጊዜውን ያሳለፈው በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል የመለማመጃ መሣሪያ) አሠልጣኝነት ነበር። ሲሙሌተር ውስጥ ደግሞ የማማውን ቦታ ይዞ ፈቃድ የሚሰጠው አሠልጣኙ ራሱ ነው። መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ለራሱ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው እዚያ ጭጋግ ውስጥ የሌላ ሰው ፈቃድ እንዲጠብቅ የተገደደው።

የስፔን መርማሪዎች ኬኤልኤም ያለ ፈቃድ ተነስቷል አሉ፤ ደቾቹ ደግሞ ጥፋቱ በሁለቱም ወገን ያለ አለመግባባት ነው አሉ። እኔ ይህን ክርክር ለጠበቆች እተወዋለሁ። የእኔን ልናገር።

የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም፤ ዓመቱንም እንደዚሁ። ነሐሴ ነው፣ ጠዋት። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ይተናል። የማኮብኮቢያው ዳር ሣር ጉልበት ድረስ ደርሶ ስለነበር አንድ ትራክተር እያጨደ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮ የለውም፤ እኔ በእጅ ሬዲዮ ለዘበኛው እነግረዋለሁ፣ ዘበኛው ባንዲራ ያውለበልብለታል። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ማኮብኮቢያውን አቋርጦ በዚያኛው በኩል ያለውን ሣር እንዲጀምር ፈቀድኩለት። በወዲህኛው ጫፍ አንዲት ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ቆማለች። አብራሪውን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አብረን ክትፎ በልተናል። ስለምንተዋወቅም ነው በአማርኛ የተነጋገርነው። «ጋሼ፣ ልነሳ ነው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

አንገቴን ደፍቼ ስትሪፑ (የበረራ መመዝገቢያ ወረቀቷ) ላይ ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። «ልነሳ ነው» ሲለኝ ዝግጁ ነኝ ብቻ ያለኝ ነው የመሰለኝ፤ «እሺ»ዬም ሰምቼሃለሁ ነበረች። እሱ ደግሞ ልነሳ ነው፣ ፍቀድልኝ ማለቱ ነበር፤ «እሺ»ዬንም ፈቃድ አድርጎ ወሰዳት። የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ከእኔ በፊት ጆሮዬ ነው የደነገጠው። ቀና ስል አውሮፕላኗ ግማሹን ጨርሳለች፤ ትራክተሩ ደግሞ የማኮብኮቢያው መሃል ላይ፣ ጭቃ የያዘው የኋላ ጎማው ነጩን መስመር ረግጦ። «አቁም» ልበል ወይስ ዝም ልበል? ካቆመ ጭራሽ ሊደርስበት ይችላል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ቀድማ ተነሳችና ከትራክተሩ በላይ አለፈች። ሾፌሩ ወደ ሣሩ ተወርውሮ ነበር፤ ኮፍያውን እስከ ምሳ ሰዓት ሲፈልግ ዋለ።

አብራሪው ከሰዓት ሲመለስ ማማው ሥር ተገናኘን። ሾፌሩም መጣ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። እኛን አየና «ማንኛችሁ ናችሁ የፈቀዳችሁት?» አለ። እኔ ወደ አብራሪው አየሁ፣ አብራሪው ወደ እኔ። ሁለታችንም ያኔ ነው የገባን፤ ማንም አልፈቀደም። ከዚያ ምን አደረግን መሰላችሁ? ሻይ ጋበዝነው። ሪፖርት አልጻፍንም። እኔም አልጻፍኩም፣ እሱም አልጻፈም፤ ይህን እስካሁን የሚያውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። አለመጻፋችን ከ«እሺ»ዋ በላይ ይከብደኛል፤ ከእኛ በኋላ በዚያች ወንበር የተቀመጠው ልጅ ሳያውቃት ነው የጀመረው።

ቴነሪፍ ቢያንስ ተጽፏል። ተጽፎም ሥራ ሠርቷል። ዛሬ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ተቆጥቦ ይቀመጣል፤ ማማው የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም የሰጠውን ሲሰርዝ ብቻ ነው የሚወጣው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ «ዲፓርቸር» (ጉዞ መጀመር) ነው። ማኮብኮቢያውን የሚመለከት ነገር ሁሉ፣ ግባ ሲባል፣ ተሻገር ሲባል፣ ቁም ሲባል፣ ቃል በቃል ተደግሞ ይነበባል፤ «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) አይበቃም፣ «ኦኬ» አይበቃም። ቁጥሮቹ እንኳ ሳይቀሩ ተጠርበዋል፤ ዘጠኝ «ናይነር» ናት፣ አምስት «ፋይፍ»። «አፈርማቲቭ» ጫፏ «ኔጋቲቭ»ን ስለሚመስል ተቆርጣ «አፈርም» ሆናለች። አሜሪካኖቹ እንኳ ለዓመታት የኖሩበትን «ፖዚሽን ኤንድ ሆልድ» ትተው እ.ኤ.አ. በ2010 «ላይን አፕ ኤንድ ዌይት» (ማኮብኮቢያው ላይ ገብተህ ጠብቅ) ማለት ጀመሩ።

ተማሪዎቻችሁ ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። የልጄ ጓደኛ «መሸምደድ ነው» ያለኝ ይህንን ነው። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሰው የሚሞትበት ጊዜ አለ።

መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ሚላኖ፣ ሊናቴ ማረፊያ፤ ዓለም ሁሉ ጆሮው የኒውዮርኩ የሽብር ጥቃት ላይ ነበረና ብዙዎቻችሁ አታስታውሱትም። ከባድ ጭጋግ ነው፤ የምድር ራዳሩ አይሠራም። አንዲት ትንሽ ሴስና አር 5 በሚባለው መንገድ እንድትሄድ ተነገራት። አብራሪው በትክክል መልሶ አነበበ፤ አር 5። ከዚያ አር 6 ላይ ገባ። በመሃል «ኤስ 4 እየደረስኩ ነው» ብሎ ተናግሯል፤ ያ ስም የት እንዳለ ማማው ውስጥ ያለው ሰው አያውቀውም ነበር፣ ግን ኤስ 4 የት እንደሆነ ሳያጣራ ቀጥል አለው። ሊነሳ ይንደረደር የነበረ የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ የኤስኤኤስ ኤምዲ-87 አውሮፕላን መታት። መሬት ላይ የነበሩ አራት ሰዎችን ጨምሮ 118 ሰው ሞተ። «ኤስ 4 የት ነው?» ማለት ምን ያህል ሰከንድ ይፈጃል?

ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶኪዮ፣ ሃኔዳ። ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ የጫነች የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን «ተራ ቁጥር አንድ ነህ፤ እስከ ሲ 5 መቆሚያ ሂድ» ተባለች። ይህም በትክክል ተደግሞ ተነበበ፤ ምስጋናም ተጨምሮበት። ሆኖም አውሮፕላኗ መቆሚያውን አልፋ ማኮብኮቢያው ላይ ገብታ ቆመች። ወደ 40 ሰከንድ እዚያው ቆማ ሳለ ከላይ የመጣው የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ አረፈባት። ኤርባሱ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉም ወጡ፤ ከትንሿ ስድስት ሰዎች አምስቱ አልወጡም። «አንድ ነህ» የምትል የጨዋ ቃል! ከአደጋው በኋላ ጃፓኖቹ ወዲያው ለጊዜው አስቀሯት። ባንክ ቤት ተራ ይዘን «አንድ» ስንባል ምን እናደርጋለን? እንነሳለን።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይሄ ነው።

ሲሙሌተር ውስጥ የማማውን ድምፅ አሠልጣኙ አይሁን። ሌላ ሰው አስቀምጡ፤ ተማሪው የማያየው፣ የማያውቀው ሰው። ያም ሰው ያስጠብቀው። አንዳንዴ ይርሳው። አንዳንዴ የመንገዱን ፈቃድ ሰጥቶ የመነሻውን ሳይሰጥ ዝም ይበል፤ ተማሪው እጁን ወደ ጉልበት መስጫው ሲሰድ እዩት። ሁለት ሰው አንድ ላይ እንዲጫን አድርጉና ፉጨቱን ይስማው። ፉጨት ሰምቶ «ሴይ አጌን» (ደግመህ በል) ያላለ ተማሪ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር፣ አይለፍ።

«ሴይ አጌን» ማለትን ደግሞ ከውርደት አውጡት። ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችን እንግሊዝኛ አልገባኝም ከማለት ገደል መግባት ይቀላቸዋል። አንድ ጊዜ «ደግመህ በል» ያለውን ጓደኛቸውን ምሳ ላይ ሲስቁበት ሰምቻለሁ። የውጭ አብራሪ ሲያነጋግር አንገት ነቅንቆ ማሳለፍ እንደ ብልህነት ይቆጠራል። በፈተና ወረቀታችሁ ላይ የሚጠይቅ ተማሪ ነጥብ የሚያገኝበት ቦታ አለ? እኔ በነበርኩበት ዘመን አልነበረም፤ የሚቆጠረው ምን ያህል ጊዜ እንዳስደገምክ ነበር፣ ያውም በቅጣት።

ከዚያ ደግሞ ይሉኝታ። ያ የበረራ መሐንዲስ ያለውን ድጋሚ አንብቡት፤ «አልወጣም እንዴ?» ይህ የእኛው ልጅ አባቱን የሚጠይቅበት አነጋገር አይደለም ወይ? በቀጥታ «አልወጣም፣ አቁም» አይልም፤ ሐሳቡን በጥያቄ ጠቅልሎ፣ ለትልቁ ሰው መውጫ በር ትቶለት ነው የሚያቀርበው። ትልቁ ሰው «ወጥቷል» ካለ ደግሞ አበቃ፤ ከዚያ በላይ መናገር መድፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ናሳ አብራሪዎችንና ተመራማሪዎችን ሰብስቦ የመከረበት፣ ዛሬ ሲአርኤም እያላችሁ የምታስተምሩት የበረራ ቡድን አብሮ አሠራር ትምህርት የተወለደው ከዚህ ዓይነት ዝምታ ነው። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ በአማርኛ የምታለማምዱት? ኮክፒት ውስጥ ሁለት ሐበሾች ሲሆኑ፣ አንዱ «ጋሼ»፣ አንዱ «ልጄ» ሲሆን፣ ያ በእንግሊዝኛ የተማሩት የድፍረት ዐረፍተ ነገር ከየት ይመጣል? አንቱታውን ሳይጥል ማቆም ይቻላል። «ካፒቴን፣ ያቁሙ፤ ፈቃድ አልተሰጠንም።» ይቺን ሃያ ጊዜ ጮክ ብለው ይበሏት። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ሬዲዮ ላይ ግን አማርኛው ይቅር። ራሴን እያየሁ ነው የምለው። ወዳጅነታችን ደስ ይላል፤ ከእኛ ሌላ የሬዲዮ ሞገዱን የሚያዳምጥ የውጭ አብራሪ ግን ማን የት እንዳለ የሚያውቀው እኛን እየሰማ ነው። ፓን አሜሪካን ደንግጦ የተናገረው ለሌላ አውሮፕላን የተባለውን ሰምቶ ነው። አማርኛ ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማ ነበር? ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ እፈልጋለሁ፣ ሞገዱ ላይ አልፈልግም፤ የሚጋጭ የሚመስለው ካለ ያ ትራክተር ሾፌር ይጠየቅ።

ስለ ሾፌሮች ካነሳሁ አይቀር፤ ማኮብኮቢያ ላይ የሚገባው አብራሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኅዳር ውስጥ ሊማ ላይ ለልምምድ የወጣ የእሳት አደጋ መኪና ሊነሳ ይንደረደር ከነበረ አውሮፕላን ፊት ገብቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ሣር አጫጁም፣ መብራት ጠጋኙም፣ ወፍ የሚያባርረውም ይህን ትምህርት በሚገባው ቋንቋ ይማር። ቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያ አለው፤ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታሰበው አራት ይኖረዋል። አራት ማኮብኮቢያ ባለበት ቦታ «ሂድ» ሲባል ወዴት?

የመጨረሻዋ ልመናዬ ወረቀት ናት። ምንም ያልሆነበትን ቀን የሚጽፍ ሰው እንዳይቀጣ አድርጉ። እኔና ወዳጄ ያልጻፍነው ስለፈራን ነው፤ እሱ ፈቃዱን፣ እኔ ወንበሬን። የፈራ ሰው ሻይ ይጋብዛል።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ያንን አብራሪ ደወልኩለት፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ታሪካችንን ልጽፈው ነው አልኩት። «ጻፈው፣ ብቻ ስሜን አታንሳ፤ እኔም አንብቤው ይሂድ» አለና ለአራት ሰዓት ተቀጣጠርን። አራት ተኩል ላይ ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ ደወልኩ።

«ደረስኩ፣ ደረስኩ» አለኝ።

«የት ነህ? በትክክል የት?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ኧረ ጋሼ፣ ገና ልነሳ ነው።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የማማ ተቆጣጣሪ
አዲስ አበባ